ካፓሲተር በቴስተር መለካት፦ መጀመሪያ ቮልቱ፣ ቀጥሎ ፋራዱ

ማራገቢያው ሲሰካ እምምም ይላል፣ ግን አይዞርም። ክንፉን በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት ይነሳና እየተጎተተ ይዞራል። የውሃ ፓምፕም ላይ ያው ነው። ያቃስታል፣ ይግላል፣ ከዚያ ብሬከሩን ይጥላል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው፤ ቻርጅ እያጠራቀመ ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳው እቃ ማለት ነው። ጥርጣሬውም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ካፓሲተር ውድ እቃ አይደለም፣ ለመለካትም አንድ ደህና ቴስተር ይበቃል። ችግሩ ሰው ቴስተሩን እንደያዘ በቀጥታ ወደ ካፓሲተሩ እግር መሄዱ ነው።

ካፓሲተር ስትለኩ ፋራዱ፣ ማለትም ቻርጅ የመያዝ አቅሙ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ቁጥር ነው። መጀመሪያ የምትፈልጉት ቁጥር የቮልት ዜሮ ነው። እሱን በዓይናችሁ ሳታዩ ምንም አትንኩ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩት።

ሶኬቱ ተነቅሎም ለምን ኮረንቲ ይይዛል?

ውሃ ሲጠፋ ሮቶው ውስጥ ውሃ እንደሚቀር ሁሉ፣ መብራቱ ሲቋረጥም ካፓሲተር ውስጥ ቻርጅ ይቀራል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው ብንልም ሞገዱ ጫፉ ላይ ሲደርስ 311 ቮልት ገደማ ነው። ካፓሲተሩ ይዞት የሚቀረው ይህንን ጫፍ ሊሆን ይችላል። በሞተር ላይ ሲሠራ ደግሞ ካፓሲተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልት ከመስመሩም ሊበልጥ ይችላል፤ 450 ቮልት የሚል የሚጻፍበት ለዚህ ነው።

መጠኑን በቁጥር እንየው። የማራገቢያ 2.5 ማይክሮ ፋራድ (ማይክሮ ማለት የፋራድ ሚሊዮንኛ ነው) ካፓሲተር በ311 ቮልት የሚይዘው ጉልበት 0.12 ጁል ገደማ ነው። ያስደነግጣል፣ እጅ ያስወረውራል፤ የጣሪያ ማራገቢያ ለማየት መሰላል ላይ ከሆናችሁ ግን ድንጋጤው ራሱ ይጥላችኋል። የኮምፒውተር ወይም የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ወፍራሙ ካፓሲተር 220 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን በዚያው ቮልት 10.6 ጁል ገደማ ይይዛል። ይህ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በደረት በኩል ካለፈ ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል መጠን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገራችሁ። ጤነኛ ማራገቢያ ሲጠፋ ካፓሲተሩ የሚራገፍበት መንገድ አለው፤ ከሞተሩ ጥቅል ሽቦዎች ጋር ስለተያያዘ ቻርጁ በእነሱ በኩል ዞሮ ያልቃል። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይም የተረፈውን ራሱ ይጨርሰዋል። እናንተ የምትከፍቱት ግን ጤነኛ እቃ አይደለም። ጥቅሉ አንድ ቦታ ተበጥሶ ከሆነ ቻርጁ መውጫ የለውም። የፓወር ሰፕላዩ መቆጣጠሪያ ቺፕ ከተቃጠለም ያንን 300 ምናምን ቮልት የሚጠቀምበት ስለሌለ ካፓሲተሩ ታቅፎት ይቀመጣል። ማለትም ቻርጅ ይዞ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ የሆነው ልትጠግኑት ያመጣችሁት እቃ ነው። «ስንቱን ከፍቻለሁ፣ ምንም ሆኜ አላውቅም» የሚለው ንግግር የማያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማይክሮዌቭን ከዚህ መመሪያ አውጡት። የሱ ካፓሲተር 1 ማይክሮ ፋራድ ገደማ ብቻ ነው፣ ግን በሺዎች በሚቆጠር ቮልት የሚሠራ ነው፣ 2100 ቮልት የሚል የተጻፈበት ብዙ ነው። ከዚህ በታች የምናዘጋጀው ማራገፊያም ለእሱ አይሆንም። ለሚያውቀው ባለሙያ ስጡት፣ በቃ።

ቴስተሩንና ማራገፊያውን ማዘጋጀት

ሁሉም ቴስተር ካፓሲተር አይለካም። መዞሪያው ዙሪያ ሁለት አጫጭር ትይዩ መስመሮች፣ ግራና ቀኛቸው ላይ ሽቦ የወጣላቸው፣ ያ ምልክት መኖሩን እዩ። በርካሽ በየቦታው የሚሸጠው ዲቲ 830ዲ ይህ የለውም። ዲቲ 9205ኤ አለው፣ ግን እስከ 20 ማይክሮ ፋራድ ብቻ የሚደርስም እስከ 200 የሚደርስም ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት መዞሪያው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቁጥር አንብቡ። ለማራገቢያ 20 ይበቃል። ለትልቅ ፓምፕና ለፓወር ሰፕላይ ግን አይበቃም። የፕሮቦቹን፣ ማለትም የቴስተሩን ቀይና ጥቁር መለኪያዎች፣ ገመድም ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ ዳስሱት፤ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ወይም ብልጭ የሚል መዳብ ካያችሁ ገመዱን ቀይሩ።

ማራገፊያው ደግሞ እንዲህ ነው። 10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር ግዙ፤ ነጭ፣ አራት ማዕዘን የሴራሚክ ገላ ያለው ዓይነት። ሁለት እግሮቹ ላይ ደህና ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች በየዱ፣ የሽቦዎቹ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ እጀታ ያላቸው ክሊፖች አድርጉ፣ የተበየደውን ቦታ በናስትሮ በደንብ ጠቅልሉ። ለምን 10 ኪሎ ኦም? በ311 ቮልት ሲጀምር የሚያቃጥለው ጉልበት 10 ዋት አካባቢ ስለሆነ ሬዚስተሩ አይጎዳም፣ 220 ማይክሮ ፋራዱን ካፓሲተርም በ11 ሰከንድ ውስጥ ወደ 2 ቮልት ገደማ ያወርደዋል። የማራገቢያውን 2.5 ማይክሮ ፋራድ ደግሞ ክሊፑ ከመንካቱ ይጨርሰዋል።

ማራገፊያውን ከመጠቀማችሁ በፊት በየጊዜው በኦም ለኩት። 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ሴራሚኩ ከውጪ ደህና መስሎ ውስጡ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አራገፍኩ ብላችሁ ያላራገፋችሁትን ትነካላችሁ።

ሬዚስተር ያጣ ሰው የድሮውን ባለ ክር 220 ቮልት አምፖል፣ 40 ወይም 60 ዋት፣ ከነሆልደሩ ሊጠቀም ይችላል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ ቮልቱ ዝቅ ሲል መብራቱ ይጠፋል እንጂ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረ አለ።

ካቻቢቴ አምጥቶ ሁለቱን እግር ማገናኘትስ? ብዙ ሠራተኛ ያደርገዋል፣ እኔ ግን በግልጽ እቃወመዋለሁ። ብልጭታው ዓይን ይጎዳል፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ያቀልጣል፣ ደህና የነበረውን ካፓሲተርም ውስጡን ሊያበላሽ ይችላል። ያኔ የምትለኩት ራሳችሁ ያበላሻችሁትን ነው።

መብራቱን መለየት

ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም። ሶኬቱን ከግድግዳ ወይም ከዲቫይደሩ ንቀሉት፣ የነቀላችሁትንም ጫፍ የምታዩበት ቦታ አድርጉት፣ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይሰካው። ፓምፕና የጣሪያ ማራገቢያ ብዙ ጊዜ ሶኬት የላቸውም፤ እነሱን ከብሬከሩ ነው የምታጠፉት፣ ብሬከሩ ላይም ወረቀት ለጥፉ፣ ቤት ውስጥ ላለውም ሰው ንገሩ። ከዚያ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት (አቅጣጫውን የሚቀያይረው የመስመር መብራት መለኪያ) ላይ አድርጋችሁ የሚገባው መስመር ላይ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ። መብራት የጠፋበት ሰዓት ነው ብላችሁ ብሬከሩን ሳታጠፉ እንዳትጀምሩ፤ መብራት ሲመጣ አስቀድሞ አይናገርም።

ቀለበት፣ ሰዓት፣ የእጅ ሰንሰለት አውልቁ። ደረቅ ጫማ አድርጉ።

ዜሮን ማየት

መጀመሪያ ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን እወቁ። ዲሲ ቮልት (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው) ላይ አድርጉትና አንድ ባለ 9 ቮልት ወይም 1.5 ቮልት ባትሪ ለኩ። ቁጥሩ ከመጣ ጥሩ። ፕሮቡ ውስጡ የተበጠሰ ቴስተርም እኮ ዜሮ ነው የሚያሳየው፣ እና ያንን ዜሮ ማመን አደገኛ ነው።

አሁን መዞሪያውን ዲሲ ላይ፣ 600 ወይም 1000 ቮልት ላይ አድርጉ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማራገቢያ በኤሲ ስለሚሠራ ካፓሲተሩንም በኤሲ ቮልት ይለካዋል፣ ዜሮ ያያል፣ ይነካዋል፣ ኮረንቲ ይይዘዋል። ካፓሲተር ውስጥ የቀረ ቻርጅ ዲሲ ነው። እቃው በምንም ይሥራ፣ የቀረው ዲሲ ነው፣ በዲሲ ካልለካችሁት ቴስተሩ ላያሳያችሁ ይችላል።

ጥቁሩን ፕሮብ በክሊፕ አንዱ እግር ላይ ያዙት፣ ቀዩን በአንድ እጅ ሌላኛው እግር ላይ አስነኩ። ሌላው እጃችሁ ኪስ ውስጥ ወይም ከጀርባ ይሁን፤ ነገር ቢበላሽ እንኳ ኮረንቲው ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል እንዳያልፍ ነው። ጣታችሁ ከብረቱ በላይ ያለውን የፕሮቡን ፕላስቲክ ከንፈር አልፎ ወደ ብረቱ አይሂድ።

እስክሪኑን ትንሽ ቆም ብላችሁ እዩት። ቻርጅ ያለበት ትንሽ ካፓሲተር ከሆነ ቁጥሩ ፊታችሁ ይወርዳል፤ 180፣ 174፣ 167፣ 161 እያለ። ቴስተሩ ራሱ እንደ 10 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ስለሆነ በትንሽ በትንሹ እያራገፈው ነው። ትልቁ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር ላይ ግን በዚህ መንገድ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ቁጥር ካያችሁ ፕሮቡን አንሱና ማራገፊያውን አምጡ።

የማራገፊያውን አንድ ክሊፕ አንዱ እግር ላይ፣ ሌላውን ሌላኛው እግር ላይ፣ አሁንም በአንድ እጅ። ለማራገቢያና ለፓምፕ 5 ሰከንድ ይበቃል፤ ለወፍራሙ የፓወር ሰፕላይ 20 ሰከንድ ያዙት። እግሩ ሦስት የሆነ ካፓሲተር ካጋጠማችሁ፣ የቤት አየር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው የብረት ሲሊንደር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ውስጡ ሁለት ካፓሲተር ስላለ የጋራውን እግር ከአንዱ ጋር፣ ከዚያ ከሌላው ጋር፣ በመጨረሻም ሁለቱን እርስ በርስ አራግፉ። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ወገኖች ይህ ዓይነቱ ጣሪያችሁ ላይ ነው ያለው።

ከዚያ እንደገና ዲሲ ቮልት። ከ1 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ደግሞ ለኩ፣ ምክንያቱም ካፓሲተር ከተራገፈ በኋላም ውስጡ ካለው መለያ ቁስ ትንሽ ቻርጅ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ በተለይ ትልልቆቹ ላይ። ተመልሶ ከወጣ ደግማችሁ አራግፉ። አንዳንድ የሞተር ማስነሻ ካፓሲተር እግሮቹ መሐል ሬዚስተር ተበይዶበት ይመጣል፣ ራሱን እንዲያራግፍ። እሱም ሊቃጠል ስለሚችል አትተማመኑበት። በመጨረሻ ባትሪውን መልሳችሁ ለኩ፤ ቴስተሩ መሐል ላይ እንዳልተበላሸ ታውቃላችሁ።

ማውጣትና መለካት

ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ቀለሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በሆኑበት ፓምፕ ላይ ይህች ፎቶ ብዙ ታድናለች።

ከዚያ ቢያንስ አንዱን እግር ከሞተሩ ለዩ፣ ሁለቱንም ቢሆን ይሻላል። ካልለያችሁት ቴስተሩ የሚለካው ካፓሲተሩን ከነሞተሩ ጥቅል ነው፣ የሚያሳየው ቁጥርም ትርጉም የለውም። ቦርድ ላይ የተበየደ ከሆነም እንዲሁ፤ አጠገቡ ያሉት ካፓሲተሮች ይደመሩበታል። እግሮቹ መሐል የተበየደ ሬዚስተር ካለም ለልኬቱ አንዱን ጫፉን አንሱት።

ጥቁሩ ፕሮብ የጋራው ቀዳዳ ላይ፣ ቀዩ የካፓሲተር ምልክት ያለበት ቀዳዳ ላይ። 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ላይ ፈጽሞ አይሁን። ዲቲ 9205ኤ ዓይነት ላይ እንደየሞዴሉ ለካፓሲተር ብቻ የተሠራ ጠባብ መሰኪያ ሊኖር ይችላል። መዞሪያውን ካፓሲተር ላይ አድርጉ። ቴስተራችሁ ራሱ መጠን የማይመርጥ ከሆነ ከምትጠብቁት ከፍ ያለውን ምረጡ፤ ለ2.5 ማይክሮ ፋራድ 20 ላይ ማለት ነው። ቻርጅ ያለበትን ካፓሲተር በዚህ መደብ ላይ መንካት ቴስተሩን ሊገድለው ይችላል፣ ያ ሁሉ ማራገፍ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለእሱም ነበር።

የማራገቢያና የፓምፕ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ የለውም፣ እንደፈለጋችሁ ያዙት። ኤሌክትሮሊቲክ (የፓወር ሰፕላዩ ወፍራሙ ዓይነት) ከሆነ ግን ገላው ላይ ቀጭን ሰቅ የተሰመረበት ወገን ኔጌቲቭ ነው፣ ጥቁሩ እዚያ ይሁን። ብረቱን በጣታችሁ አትንኩ፤ ሰውነታችሁ ልኬቱን ያዛባል። ትንንሾቹ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ላይ የፕሮቦቹ ገመድ ራሱ የሚጨምረው አለ፣ ቴስተሩ ላይ ዜሮ ማድረጊያ ቁልፍ ካለ ፕሮቦቹን አለያይታችሁ ያዙና ተጫኑት፣ ከዚያ ለኩ። ትልቅ ካፓሲተር ላይ ቁጥሩ እስኪረጋ ብዙ ሰከንድ ሊወስድ ይችላል፣ አትቸኩሉ።

ቁጥሩን ማንበብ

ገላው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የማራገቢያው ጥቁር አራት ማዕዘን ሲቢቢ 61 የሚል ይኖረዋል፤ የፓምፕና የልብስ ማጠቢያው ሲሊንደር ደግሞ ሲቢቢ 60። ከጎኑ መጠኑና የሚፈቀደው ልዩነት አለ። 2.5 ማይክሮ ፋራድ፣ 5 በመቶ ካለ ከ2.38 እስከ 2.63 ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። 2.2 ካሳየ እየደከመ ነው፣ እኔ ብሆን እቀይረዋለሁ። 1.6 ካሳየ ሌላ ጥያቄ የለም፣ ማራገቢያው የሚጎተተው በእሱ ነው። ቴስተሩ ናኖ ፋራድ ብሎ ካሳያችሁ 1000 ናኖ አንድ ማይክሮ መሆኑን አስታውሱ፤ 1600 ናኖ ማለት 1.6 ማይክሮ ነው።

እነዚህ ካፓሲተሮች በአንድ ቀን የሚሞቱት ጥቂቶቹ ናቸው። ውስጣቸው በስሱ ብረት የተቀባ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው ያለው። ቮልቱ ድንገት ሲዘል ፕላስቲኩ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቦታ ትበሳለች፣ በዙሪያዋ ያለው ብረት ተኖ ስለሚጠፋ ቀዳዳዋ ራሷን ትዘጋለች። ካፓሲተሩ ይተርፋል፣ ግን ትንሽ መጠን ቀነሰ። ይህ ሲደጋገም መጠኑ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ማራገቢያውም በየዓመቱ «እያረጀ» የመጣ ይመስላል።

ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ከሆነ ውስጡ ተበጥሷል። ኦ ኤል የሚሉት ሁለት ፊደላት ወይም እስክሪኑ ግራ ጫፍ ላይ 1 ብቻ ከመጣ ወይ የመረጣችሁት መጠን ትንሽ ነው፣ ወይ ካፓሲተሩ ሾርት ሆኗል። በኦም ለኩትና ለዩት፤ ቁጥሩ ለዜሮ ቀርቦ ከቆመ ሾርት ነው።

የኤሌክትሮሊቲኩ ልዩነት ሰፊ ነው፣ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ። 1000 የተጻፈበት 850 ቢያሳይ አትደንግጡ። ነገር ግን አናቱ ያበጠ ወይም ከሥሩ ፈሳሽ የወጣው ከሆነ መለካት አያስፈልግም፣ ይቀየር።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ማወቅ አለባችሁ። ቴስተሩ የሚለካው በጥቂት ቮልት ነው፣ ካፓሲተሩ የሚሠራው በመቶዎች ነው። በጥቂት ቮልት ደህና የሚመስል፣ 300 ቮልት ሲደርስ ግን የሚፈስ ካፓሲተር አለ። ኤሌክትሮሊቲክም ፋራዱ ልክ ሆኖ የውስጥ ተቃውሞው ጨምሮ ፓወር ሰፕላዩን ሊያስቸግር ይችላል፣ ይህንን ተራ ቴስተር አያሳይም። ቴስተሩ «ተበላሽቷል» ሲል እመኑት። «ደህና ነው» ሲል ግን ምልክቱ ካልጠፋ ደህና መሆኑን በምታውቁት ካፓሲተር ቀይራችሁ ሞክሩ።

መቀየር

ማይክሮ ፋራዱ ያው ይሁን። ቮልቱ ያው ወይም ከዚያ በላይ። የሞተር ካፓሲተር ላይ ኤሲ የሚል መጻፉን እዩ፤ ከቦርድ የወጣ ኤሌክትሮሊቲክ ሞተር ላይ ከገባ ይፈነዳል። «ጉልበት እንዲጨምር» እያሉ በ2.5 ቦታ 4 የሚያስገቡ አሉ። ማራገቢያው ለጊዜው ፈጠን ቢልም ረዳቱ ጥቅል ከሚገባው በላይ ኮረንቲ ስለሚያልፍበት ይግላል፣ በኋላ ካፓሲተር ሳይሆን ሞተር ነው የምትገዙት። አዲሱንም ከመግጠማችሁ በፊት ለኩት፤ ገላው ላይ ከተጻፈው በታች የሆነ አዲስ እቃ ገበያ ላይ አለ፣ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ብትለኩት ደግሞ መመለሱ ይቀላል።

በፎቶው መሠረት አገናኙ፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ ሸፍኑ፣ ሽፋኑን መልሳችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ብቻ መብራቱን ልቀቁ። ማራገቢያው ያለ እጅ እርዳታ ከተነሳ ጨርሳችኋል። አሁንም እምምም ካለ መብራቱን አጥፉና ከዲሲው ዜሮ እንደገና ጀምሩ፤ ከዚያ ክንፉን በእጅ አዙሩት፣ ከባድ ከሆነ ኩሽኔታው ነው፣ ቀላል ከሆነ የጥቅሎቹን ኦም ለኩ።